የአደጋ ጊዜ መኪኖች ሞድ፦ የጋራ ዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ዓርብ ለሰርቨሩ ባለቤት ይገባል። ለጂቲኤ 5 ጨዋታ፣ በፋይቭኤም (የራስን ሰርቨር ከፍቶ መጫወቻ ፕሮግራም) የሚገቡ ሦስት መኪኖች፦ ላንድክሩዘር 70 አምቡላንስ፣ የእሳት አደጋ ቦቴ፣ የፖሊስ ፒክአፕ። ሦስቱም መብራታቸው የሚሠራ። ጠቅላላ 24,000 ብር፦ ሞዴል 12,000፣ ቴክስቸር (አካሉ ላይ የሚለጠፈው ምስል) 5,000፣ መብራት 4,000፣ ፍተሻ 3,000። የአምናው ጣጣ እንዳይደገም ሥራ የሚወስድ ሰው ስሙን አሁኑኑ ያስፍር።

ቦቴ_መሪ፦ ቦቴው የኔ ነው። ረቡዕ ሻሲውን ታያላችሁ።

ሞዴሊስት፦ አምቡላንሱን ይዣለሁ። መሣሪያ ግን እንወስን። ከሞዴል መሥሪያዎቹ ዚሞዴለር በክፍያ ነው፣ ብሌንደር ከተጨማሪው ሶለምዝ ጋር ነፃ ነው። ሁለቱም ያደርሳሉ። ግማሻችን በዚህ ግማሻችን በዚያ ከሠራን ግን ፋይል ስንቀባበል የቦን (የመኪናው ክፍሎች የሚያያዙበት ነጥብ) ስም ይዘበራረቃል።

ገንዘብ_ያዥ፦ ነፃው። አለቀ።

ቀይ_መብራት፦ የመብራቱን ክፍል እኔ ጻፍኩት፣ ረቂቁ ላይ እንዳለ ይግባ። ለአንድ መኪና 20 ሳይረን (ብልጭ የሚል መብራት) ይዘናል። የጣሪያው የመብራት ባር ፊት 8፣ ኋላ 4፤ ፍርግርጉ ላይ 2፤ ጎንና ጎን 2። 16 ሆነ። የቀሩት 4 ለኋላ በር። በካርኮልስ ፋይል (የመኪናው ቀለምና መብራት የሚጻፍበት) ያለው ተራ ከቦኑ ቁጥር ጋር መግጠም አለበት፤ አንድ ከተዘለለ የኋላው ፓተርን (የመብራት ቅደም ተከተል) ፊት ላይ ይበራል። አቅጣጫው በራዲያን (የማዕዘን መለኪያ) ነው፦ ፊት 0፣ ኋላ 3.14159።

ፓተርኑ 32 ቦታ አለው። 1 በራ፣ 0 ጠፋ። ፋይሉ ላይ የሚጻፈው ወደ ተለመደው የአሥር ቤት ቁጥር ተቀይሮ ነው። ግራው 4042322160፣ ቀኙ 252645135። በ600 ቢፒኤም (በደቂቃ 600 እርምጃ) አንዱ እርምጃ 0.1 ሰከንድ ስለሆነ ግራው 4 እርምጃ በርቶ ለቀኙ ይለቃል። የፊት መብራቶቹንም በእነዚሁ ሁለት ቁጥሮች ማፈራረቅ ይቻላል። 2863311530 (በየእርምጃው በራ ጠፋ) የምትጽፉ ሰዎች ተዉ። በሰከንድ 5 ጊዜ ይርገበገባል፤ በሰከንድ ከ3 በላይ ብልጭታ ደግሞ የሚጥል በሽታ ላለበት ተጫዋች አደጋ ነው።

የሳይረኖቹን ሜሽ (ቅርጽ) ኤል0፣ ማለትም ከቅርብ የሚታየው ሞዴል ላይ ብቻ አታስቀምጡ። ካሜራው ራቅ ሲል ባሩ ባዶ ይሆንና አየር ላይ የተንሳፈፈ ነጥብ ብቻ ይቀራል። መሬት ላይ ብርሃን የሚጥሉት ከ20ው 4 ይበቃሉ። ሁሉንም ካበራችሁ ሦስት አምቡላንስ አንድ መንገድ ላይ ሲገናኝ ፍሬሙ ወርዶ ጨዋታው ይንቀራፈፋል።

ጉርድ_ሾላ፦ ሁሉም ጥሩ። ኮፈኑ ላይ «አምቡላንስ» ቀጥ ብሎ ነው የተጻፈው። መገልበጥ አለበት።

ሞዴሊስት፦ ለምን?

ጉርድ_ሾላ፦ ከፊት ያለው ሾፌር በስፖኪዮ እንዲያነበው ነዋ። ይሄም ይጠየቃል?

ሞዴሊስት፦ የጂቲኤ 5 ስፖኪዮ ኋላህ ያለውን መኪና አያሳይህም። የአካባቢ ነጸብራቅ ነው የተለጠፈበት። ተጫዋቹ ወደ ኋላ የሚያየው ካሜራ አዙሮ ነው፣ ካሜራ ደግሞ ፊደል አይገለብጥም። ከገለበጥነው የሚያነበው አንድም ሰው የለም።

ጉርድ_ሾላ፦ እውነተኛ ይምሰል ብለን አይደል የተነሳነው? ካልሆነ ሳይረኑንስ ለምን 20 አደረግነው?

ቀይ_መብራት፦ 20ው የመብራት ቁጥር ነው። ከኮፈን ጋር ምን አገናኘው?

ሞዴሊስት፦ የተገለበጠ ጽሑፍ ከፈለግህ ቀኝ በሩ ላይ አለልህ። ግራና ቀኙ አንድ ዩቪ (ምስሉ አካሉ ላይ የሚነጠፍበት ካርታ) ስለሚጋሩ ስልኩ 907 ቀኝ በኩል ዞሮ ነው የሚነበበው። እሱ ነው መስተካከል ያለበት። ጽሑፉን ከቀለሙ ለይቶ በራሱ ስስ ሜሽ ላይ፣ በዲካል (ተለጣፊ) ሼደር ማስቀመጥ ነው። ያኔ የአካሉ ቴክስቸር 2048 ፒክሰል ሆኖ ይቀራል፣ የጽሑፉ 512 ይበቃዋል።

ጉርድ_ሾላ፦ ቀልድ ነው የያዝከው። ስድስት ፊደል መገልበጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሞዴሊስት፦ እንግዲያው አንተ ገልብጠው።

ጉርድ_ሾላ፦ ቴክስቸሩን ማን ላከልኝና?

ሰብሳቢ፦ ልጆች፣ ዓርብ ደረሰ። በአንድ ኮፈን አትጣሉ።

ጉርድ_ሾላ፦ ጋሼ፣ ነገሩ ኮፈን አይደለም። አምናም ያልኩት ሳይሰማ ቀርቶ ሥራው ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ስሜ ከማኒፌስቱ (የሠሪዎች ስም ካለበት ፋይል) ይውጣ።

ገንዘብ_ያዥ፦ እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። በሩ ላይ ያለው ቀይ መስቀልስ? ምልክቱ በ1949ኙ የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 53 የተጠበቀ ነው፤ ማንም ሰው እንደፈለገ አይለጥፈውም። በ2017 የብሪታንያ ቀይ መስቀል ለፕሪዝን አርኪቴክት ጨዋታ ሠሪዎች ጽፎላቸው መስቀሉን አረንጓዴ አድርገውታል።

ሞዴሊስት፦ ምልክቱ ይውጣ፣ 907 ይቅር።

ገንዘብ_ያዥ፦ 907 የማን ስልክ ሆነና? የእነሱው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ነው። መስቀሉን አውጥተን ስልኩን ልንተው ነው?

ቀይ_መብራት፦ 939 ለቦቴው፣ 991 ለፖሊሱ፣ አምቡላንሱ ላይ ጽሑፉ ብቻ። ተቋጨ።

ጉርድ_ሾላ፦ ጽሑፉ ብቻ ከሆነማ ይበልጥ መገልበጥ አለበት። መለያው እሱ ብቻ ሆነ ማለት ነው።

ሞዴሊስት፦ አልወጣህም እንዴ?

ጉርድ_ሾላ፦ ስሜ ነው የወጣው።

ጸሐፊ፦ ቦቴ_መሪ፣ ረቡዕ አለፈ። ሻሲው የታለ?

ጸሐፊ፦ ቦቴ_መሪ?

ሞዴሊስት፦ ከቡድኑም ወጥቷል፣ እዩት። የፖሊሱንም ማንም አልያዘውም።

ሰብሳቢ፦ የሰርቨሩን ባለቤት አነጋገርኩት። ከ15,000 በላይ የለኝም አለ። ደግሞ አምቡላንስ በቀን ስንቴ ይጠራል፣ ሚኒባስ ታክሲ ቢሆን ሁሉም ይሳፈርበታል ነው የሚለው። ሰማያዊና ነጭ ሃይኤስ።

ሞዴሊስት፦ የሃይኤሱ አካል አለኝ፣ ዩቪውም አልቋል። ችግሩ ፋይሉ ከ16 ሜጋባይት ይበልጣል፣ ፋይቭኤም ማስጠንቀቂያ ያወጣበታል። 4096 የሆኑትን ቴክስቸሮች ወደ 2048 ማውረድና ግልጽነት የሌላቸውን በዲኤክስቲ1 (የምስል መጭመቂያ ዓይነት) ማስቀመጥ ይበቃዋል። ሚፕማፕ (ለሩቅ ዕይታ የሚሆኑ ትንንሽ የምስሉ ቅጂዎች) አትርሱ፣ ያለሱ ከሩቅ ቀለሙ ይንጫጫል።

ቀይ_መብራት፦ የሚኒባስ መብራት ፍሬቻ ነው። እኔ ምን ልሠራ ነው?

ገንዘብ_ያዥ፦ ለጽሑፉ ውድድር እናውጣ። የአምቡላንሱን ፊደል፣ የታክሲውን የኋላ መስታወት ጥቅስ። አሸናፊው 5,000። አባሉም ይነቃቃል።

ጉርድ_ሾላ፦ እዚህ ላይ አለሁበት። ደንቡን እኔ ላርቅቅ፦ ኮፈን ላይ የሚወጣው ቀጥም ግልብጥም ሆኖ ይቅረብ፣ ድምፅ ይሰጥበት።

ሞዴሊስት፦ ይሁን። በዚህ ተስማማሁ።

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው፦ 1. ሃይኤስ ታክሲ 8,000። 2. የጽሑፍ ውድድር 5,000። 3. አምቡላንስ 2,000፣ ባሩ ይሰቀላል፣ ማርገብገቡ በሁለተኛ ዙር። ቦቴና ፖሊስ ቀርተዋል።

ቀይ_መብራት፦ የማይበራ ባር ምን ሊሠራ ይሰቀላል? ለመብራት የተባለው 4,000ስ የት ገባ?

ገንዘብ_ያዥ፦ ፊደሉ ውስጥ።

ቀይ_መብራት፦ እሺ። የሳይረን መለያ ቁጥሩን ግን አሁኑኑ አስይዙ። ከ255 በታች፣ ሰርቨሩ ላይ ያሉት የመኪና ፓኮች ያልያዙት ይሁን። ሁለት መኪና አንድ ቁጥር ከያዘ ሁለቱም በአንዱ ፓተርን ነው የሚበሩት። ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ቁጥር የለም እንዳትሉኝ።

ጸሐፊ፦ ባለቤቱን እጠይቃለሁ። ሃይኤሱ ላይ የረዳቱ በር ተንሸራታች ነው ወይስ የሚገፋ? ይህን የሚያውቅ ዛሬ ይጻፍ።