የእንቆቅልሽ ቪዲዮ ምሽቶች፦ ረቂቅ ዕቅድ፣ ሐሳባችሁን ጨምሩ

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለማኅበሩ የምናቀርበው ዕቅድ እነሆ። ሦስት ምሽት፣ በየምሽቱ አንድ ምስጢራዊ ቪዲዮ ወይም እንቆቅልሽ አብረን እንፈታለን። መክፈቻው ሲካዳ 3301 የተባለው፣ ሠሪው ያልታወቀ የኢንተርኔት እንቆቅልሽ ቢሆንስ? የጎደለውን ሙሉ፣ የበዛውን ቀንሱ።

የድምፅ ኃላፊ፦ ሲካዳ ለጀማሪ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2012 ገና ሲጀምር ምስል ውስጥ የተደበቀ ጽሑፍ ማውጣት ይጠይቅ ነበር። የ2014ቱ «ሩን» በሚባለው የጥንት የሰሜን አውሮፓ ፊደል የተጻፈ መጽሐፍማ አብዛኛው ገጽ እስካሁን አልተፈታም። አዲስ ሰው አፍጥጦ አምሽቶ ባዶ እጁን ከሄደ አይመለስም። ዌብድራይቨር ቶርሶ በተባለው የዩቲዩብ ቻናል እንጀምር። 11 ሰከንድ፣ ቀይና ሰማያዊ አራት ማዕዘኖች፣ ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ፣ አለቀ። እንዲህ ያሉ ቪዲዮዎች በአሥር ሺዎች! የስለላ መልእክት ነው ያለ አለ፣ ከሌላ ዓለም የመጣ ነው ያለም አልጠፋ። በ2014 ሲጣራ ዩቲዩብ የቪዲዮ ጥራት የሚፈትሽበት ሆኖ ተገኘ።

አዲስ አባል፦ መልሱ ከታወቀ ታዲያ ምኑ ያስፈራል? እኔ እኮ የመጣሁት ለመደንገጥ ነው።

የድምፅ ኃላፊ፦ ለሱ 11B-X-1371 የሚባለው የ2015ቱ ቪዲዮ አለልህ። የወፍ ምንቃር ያለው ጭንብል ያጠለቀ ሰው ፈራርሶ በተተወ ሕንፃ ውስጥ ይቆማል። ድምፁ ጆሮ የሚበላ ጫጫታ ነው። ፋይሉን ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ ክፈተውና እይታውን ወደ ስፔክትሮግራም፣ ማለትም ድምፅን በሥዕል ወደሚያሳየው ቀይረው። ወፍራም ድምፅ ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ ይቀመጣል፤ ጮክ ያለው ይደምቃል። ያኔ ጫጫታው ውስጥ ጽሑፍና ምስል ተስሎ ታያለህ። ሕንፃውን ደግሞ ፈላጊዎቹ ለይተውታል፤ ፖላንድ ውስጥ፣ ኦትቮትስክ የሚገኝ የድሮ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነው።

ጸሐፊ፦ ቆይ ቆይ። ከተደበቁት ምስሎች የሚዘገንኑ አሉ። ጽሑፉ ያለበትን ብቻ ቆርጠን እናሳይ፣ ማስጠንቀቂያውም አስቀድሞ ይነገር። ደግሞ አንድ ደንብ ይግባልኝ፦ ፋይሉን እንጂ ሰውን አናሳድድም። የባክሩምስ ፎቶ፣ ያ በኢንተርኔት የተሰራጨው የባዶ ቢጫ ክፍሎች ምስል፣ የተነሳበት ቦታ በ2024 የታወቀው የቆየ ድረ ገጽ ተቆፍሮ ነው። እንዲህ ያለው ያምራል። የቪዲዮ ሠሪ ስልክና ቤት ፍለጋ ከተገባ ግን እኔ የለሁበትም።

አዲስ አባል፦ ሠሪው ራሱ «ፈልጉኝ» እያለስ?

ጸሐፊ፦ በጨዋታው ውስጥ ባስቀመጠው ፍንጭ ብቻ።

አስተባባሪ፦ አሳመናችሁኝ። አንደኛ ምሽት ዌብድራይቨር ቶርሶ፣ ሁለተኛ ባለጭንብሉ፣ ሦስተኛ ሲካዳ፤ እሱም የ2012ቱ ብቻ። የጸሐፊ ደንብ ከዓላማው ቀጥሎ ይገባል። የድምፅ ኃላፊ፣ ፋይሉን ቆርጠሽ ለጸሐፊ ላኪላት፤ እሷ ሳታየው ለማንም አይታይም። ተቃውሞ ያለው እስከ ነገ ማታ ይጻፍ።