የኬጂ ልጆችን መድረክ ላይ እናውጣ? ታዳሚነትንስ ከማን ይማሩ?

ጠያቂ፦ ሰኔ ሲመጣ ባሕር ዳር ባሉ ኬጂዎች የመዝጊያ ፕሮግራም ሽር ጉድ ይጀመራል። የ4 እና የ5 ዓመት ልጆች ይዘፍናሉ፣ እስክስታ ይወርዳሉ። ተራ ያልደረሳቸው ወንበር ላይ ሆነው ይንጫጫሉ። በዚህ ዕድሜ መድረክ ላይ ማውጣት ተገቢ ነው? ቁጭ ብለው እንዲያዳምጡስ መጠበቅ?

የሁለት ልጆች አባት፦ እኔ አልደግፍም። ልጄ የተለማመደችው ዘፈን ሳይሆን ከንፈር ማንቀሳቀስ ነው። ድምፁ የሚወጣው ከፍላሽ ነው። ስፒከሩ ደግሞ ደረት ይመታል፤ ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ሕፃናት ጆሯቸውን ይዘው ነበር። የባህል ልብስ ኪራዩ፣ የቪዲዮው ክፍያ ሌላ ጣጣ። ይሄ ለእኛ ፎቶ እንጂ ለእነሱ ሙዚቃ አይደለም።

የኬጂ መምህርት፦ ወንድሜ፣ በፍላሹ እስማማለሁ። መድረኩን ግን አብረህ አትጣለው። ክፍል ውስጥ "አቤት" ለማለት የምታፍር ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ስትዘምር ድምጿ ሲወጣ አይቻለሁ። እኔ ጋ አንዱ ቡድን አጭር መዝሙር ይዘምራል፣ ሌላው ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ለሚያዳምጡትም ሥራ አለኝ። "ከበሮው ዝም ሲል እጃችሁን አውጡ" እላቸዋለሁ። የሚጠብቁት ነገር ካለ አይቁነጠነጡም። "ዝም በሉ!" ብሎ መጮህ ሁካታ ላይ ሁካታ መጨመር ነው።

ማሲንቆ ተጫዋች፦ ዝምታ ብቻውን አክብሮት አይደለም። አዝማሪ ቤት አድማጩ "ተቀበል!" ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። ቡሄ ላይ አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ "ሆ!" ይላሉ። ተቀባይ ከሌለ ጨዋታው የለም። ልጆቹ መማር ያለባቸው መቼ እንደሚቀበሉ፣ መቼ እንደሚሰሙ ነው። እኔ ክፍል ስገባ ስፒከር አልይዝም። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ ነው ያለው፤ ድምፁም ትልቅ አይደለም። ደጋኑን ሙጫ ስቀባ ጀምሮ ይጠጋሉ። ከትዝታ ወደ ባቲ ስሻገር የቅኝቶቹን ስም ባያውቁም ለውጡ ፊታቸው ላይ ይታያል።

አያት፦ ልጆቼ፣ ለምን ሕፃናቱን ትከስሳላችሁ? ዓባይ ማዶ የልጅ ልጄን ላይ ሄጄ ያየሁት የወላጅ ጀርባ ነው። ሁሉም ስልኩን ዘርግቶ ቆሟል። የራሱ ልጅ ከመድረክ ስትወርድ ደግሞ ጥሎ ይወጣል። የመጨረሻዎቹ ልጆች የዘፈኑት ለባዶ ወንበር ነው። አሳዘኑኝ።

የሁለት ልጆች አባት፦ እውነትዎን ነው እማማ። ቢሆንም ለአንድ ቀን ድግስ ስንት ሳምንት ሽምደዳ? ልጆች እኮ ናቸው።

የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ፦ መደጋገምን አትናቀው። ድጓ የተባለውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚማር ተማሪ መምህሩ ፊት ተቀምጦ ደጋግሞ ይሰማል፣ ደጋግሞ ያዜማል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን የዜማ ስልቶች የሚለየው በጆሮው ነው። ጉዳቱ ልጁ የራሱን ድምፅ ሳይሰማ ሲደጋግም ነው። ፍላሹን ንቀሉት፤ ዜማው ቢሰበርም ይሰበር።

የኬጂ መምህርት፦ ትክክል። ሌላም ልጨምር፤ ልጅ ግንባር ላይ ብር መለጠፍ ይቅር። አንዷ ትሸለምና ጎኗ ያለችው ስታለቅስ ትወርዳለች።

ማሲንቆ ተጫዋች፦ ሽልማት እኮ ባህላችን ነው እህቴ። የተጫወተ ይሸለማል።

የኬጂ መምህርት፦ ለእርስዎ አዎ ጋሼ፣ ሥራዎ ነው። የ5 ዓመት ልጅ ግን ከዚያ በኋላ የሚያየው ዘፈኑን ሳይሆን የሰው እጅ ነው። መስጠት የፈለገ ሳጥን ውስጥ ይክተት፤ ለክፍሉ ከበሮ እንገዛበታለን።

የሁለት ልጆች አባት፦ በሳጥኑ እስማማለሁ፣ ከበሮውም ይገዛ። ፍላሹ እስካልተነቀለ ድረስ ግን ልጄን መድረክ ላይ አላወጣም። ቁጭ ብላ ጓደኞቿን ትስማ።