ክርክር፦ ጥናት «አይጠቅምም» ያለውን ህክምና በክፍያ መስጠት እንቀጥል ወይስ እናቁም?

የፒያሳዋ ቴራፒስት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ጥያቄ ከላይ ያለው ነው። ቤተሰብ ስለጠየቀና ስለከፈለ ብቻ፣ ጥናት ያልደገፈውን ነገር መስጠት እንቀጥል? እኔ እናቁም ባይ ነኝ። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነኝ። ሥራችንን ለማታውቁት፣ ሰው ከህመም ወይም ከጉዳት በኋላ ኑሮውን ራሱ እንዲኖር ማገዝ ነው። መብላት፣ መልበስ፣ መታጠብ፣ ወደ ሥራ መመለስ።

ባለፈው ወር አንድ አባት መጡ። ስትሮክ ከያዛቸው ስድስት ወር ሆኗቸዋል። ቀኝ እጃቸው ላይ ስፕሊንት አለ፤ እጅን ዘርግቶ የሚይዝ የፕላስቲክ መደገፊያ ነው። ሌላ ቦታ ነው የተሠራላቸው። ልጃቸው የወር ቤት ኪራይ የሚያህል ከፍሎበታል። ስፈታው አንጓቸው ላይ ቀይ ሰንበር ወጥቷል፤ መዳፋቸው በላብ ረጥቧል። «ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት አድርገው ብለውኝ አንድ ቀን አላጓደልኩም» አሉኝ። እጃቸው ግን እንደጨበጠ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት አለ። ስትሮክ ከያዛቸው 8 ሳምንት ያልሞላቸው 63 ሰዎች በዕጣ ሦስት ቦታ ተከፈሉ። ሁለቱ ቡድኖች ለ4 ሳምንት ሌሊት ሌሊት ስፕሊንት አደረጉ፣ አንዱ ቡድን እጁን በአንድ አቀማመጥ፣ ሌላው በሌላ። ሦስተኛው ቡድን ምንም አላደረገም። የአንጓ መድረቅን በመከላከል ረገድ ያደረጉት ካላደረጉት አልተሻሉም።

ልብ በሉ፣ ስለ ጅማት ቀዶ ጥገና ወይም ስለ ቃጠሎ አላወራም። እዚያ ስፕሊንት ሌላ ሥራ አለው። የማወራው ከስትሮክ በኋላ «እጅህን ይፈታልሃል» ተብሎ ስለሚሸጠው ነው። እኚያን አባት ያሳዘናቸው እጃቸው አይደለም። «እኔ ነኝ በደንብ ያላደረግኩት መሰለኝ» ያሉኝ ነው ሌሊቱን እንቅልፍ ያሳጣኝ።

የሜክሲኮው ፊዚዮ፦

እህቴ፣ ልብሽን አከብራለሁ። ግን ቀስ እንበል። ፊዚዮቴራፒ ከጀመርኩ 20 ዓመት አልፎኛል። ያ ጥናት 4 ሳምንት ነው። ሰዎቹ ገና ከሆስፒታል ያልራቁ፣ በየቀኑ ቴራፒስት የሚያያቸው ናቸው። የእኛ ሰው ወር ሁለት ወር ቤት ተኝቶ፣ ወጌሻ አይቶት፣ ጠበል ደርሶ፣ ከዚያ ነው እኛ ጋ የሚመጣው። የሲድኒን እጅና የአዲስ አበባን እጅ አንድ አታድርጊው።

እጅ መሳብን፣ ማለትም የደረቀን እጅ ቀስ ብሎ መዘርጋትን፣ በተመለከተም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን፣ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነውን የኮክሬንን ግምገማ አንብቤዋለሁ። 49 ጥናት ሰብስቦ መሳብ የመገጣጠሚያን እንቅስቃሴ ያን ያህል አይለውጥም ይላል። እሺ። ግን ከ7 ወር በላይ ሲሳብ ምን እንደሚሆን የተጠና የለም የሚለውስ? እዚያው ላይ ተጽፏል። የኔ ታካሚዎች ዓመት ሁለት ዓመት ነው የሚመላለሱት። «አልተጠናም» እና «አይጠቅምም» ይለያያሉ።

ደግሞ ይሄ በማስረጃ ላይ የቆመ ህክምና የሚባለው ነገር፣ ሐኪሙ ሳኬትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲያብራሩት ጥናት ብቻ አላሉም። የባለሙያውን ልምድና የታካሚውን ፍላጎት አብረው ነው ያስቀመጡት። ልምዴን የት ልጣለው?

የፒያሳዋ ቴራፒስት፦

ጋሼ፣ ስለ 7 ወሩ ልክ ነህ፤ ተቀብያለሁ። ግን ያልተጠናውን ነገር «ይፈታልሃል» ብሎ መሸጥስ? ልምድህ እንዲጣል አልፈልግም። ልምድ ግን ራሱን የሚያይበት መስታወት ይፈልጋል። የተሻላቸው ተመልሰው ያመሰግኑናል። ያልተሻላቸው ዝም ብለው ይቀራሉ። እኛ የምናስታውሰው የመጡትን ነው።

የልደታዋ እናት፦

ይቅርታ፣ እኔ ባለሙያ አይደለሁም። የአምስት ዓመት ልጅ አለኝ፣ ሲፒ (ሴሬብራል ፓልሲ) ነው፣ አንጎሉ ላይ በደረሰ ጉዳት መንቀሳቀስ ያስቸግረዋል፤ ቀኝ ጎኑ ነው የተጎዳው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። በሳምንት ሁለት ቀን አዝዬው እወርዳለሁ። ታክሲ ሲያየን አይቆምም፤ ሲቆምም ረዳቱ የሁለት ሰው ሂሳብ ይጠይቀኛል። እንዲህ ሆኜ ነው የምደርሰው። እዚያ ልጄን አስተኝተው ግማሽ ሰዓት እጁንና እግሩን ያፍታቱለታል።

አሁን ይሄ አይጠቅምም ስትሉኝ ምን ልበል? ሦስት ዓመት ነው የተመላለስኩት። እውነቱን ለመናገር፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ልጄን በስሙ ጠርተው በክብር ይነኩታል። ሌላ ቦታ አይነኩትም። ይሄንን አቁሙ ካላችሁ በምትኩ ምን ትሰጡኛላችሁ? «አይሠራም፣ ሂጂ» ከሆነ፣ እኔ ማሸቱን እመርጣለሁ።

የፒያሳዋ ቴራፒስት፦

እህቴ፣ ይሄን ስለጻፍሽልን አመሰግናለሁ። ሂጂ የሚልሽ ቴራፒስት ካለ ጥፋቱ የሱ ነው። ልጅን በክብር መንካት ደግሞ ከየትኛውም ህክምና ጋር አብሮ መሄድ ያለበት ነው።

በምትኩ ያለውን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2013 በአንዲት አውስትራሊያዊት ኦኩፔሽናል ቴራፒስት፣ በአዮና ኖቫክ፣ የተመራ ቡድን ለሲፒ ልጆች የሚሰጡ 64 ዓይነት ህክምናዎችን ገመገመ። እንደ ትራፊክ መብራት ቀለም ሰጣቸው። አረንጓዴ አድርግ፣ ቢጫ ጠንቀቅ፣ ቀይ ቁም። ባለሙያው የልጁን አካል ይዞ የሚያንቀሳቅስበት፣ ልጁ ግን የማይሠራበት የድሮው አካሄድ ወደ ቀዩ ሄደ። አረንጓዴው ላይ ልጁ ራሱ የሚሠራባቸው ወጡ። በሁለት እጅ መሥራትን ማለማመድ፣ ቤተሰብ በመረጠው ግብ ላይ መለማመድ፣ በደንብ የታቀደ የቤት ውስጥ ፕሮግራም።

ስለ ቤቱ ፕሮግራም፣ እሷው ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣችው ሌላ ጥናት አለ። 36 ልጆች ነበሩ። ግቡን ያወጣው ቤተሰቡ ነው። ስንት ጊዜ ሠሩ መሰለሽ? በአማካይ በወር 17 ጊዜ ገደማ፣ በአንድ ጊዜ ደግሞ 16 ደቂቃ ከምናምን። በ8 ሳምንት ውስጥ ለውጥ ታየ። 16 ደቂቃ ቡና እስኪፈላ እንኳ አይሞላም። አራት ፎቅ መውረድም የለበትም።

እስቲ ልጠይቅሽ፣ ልጅሽ ምን ቢችል ደስ ይልሻል?

የልደታዋ እናት፦

ራሱን ቢያጎርስ። እንጀራውን ሲቆርስ ሳህኑ እየሸሸ ያስቸግረዋል። በግራው ይቆርሳል፣ ሳህኑ ይሄዳል፣ እሱ ይናደዳል፣ እኔ አጎርሰዋለሁ።

የፒያሳዋ ቴራፒስት፦

በቃ፣ ግቡ እሱ ነው። ቀኝ እጁ እንጀራ ባይቆርስም ሳህን ሊይዝ ይችላል። በሁለት እጅ መሥራት የሚባለው ይሄው ነው። ሳህኑ ሥር እርጥብ ጨርቅ አድርጊ። ቀኝ እጁን ከጠርዙ ላይ ራሱ ያሳርፍ፤ አንቺ አታሳርፊለት። መጀመሪያ ሦስት ጉርሻ ብቻ። ሲደክመው አቁሚ።

የካዛንቺሱ ልጅ፦

እኔም አባቴ ስትሮክ ነው፣ አምስት ወሩ። ደህናውን እጅ በጓንት አስሮ የታመመውን ማሠራት የሚባል ነገር ሰምቻለሁ። አባዬ በግራው አልበላም ብሎ ለቅሶ ቤት መሄድ ሁሉ አቁሟል። ሰው ፊት በግራ መብላት አልቻለም። እሱን ለምን አትሰጡንም?

የፒያሳዋ ቴራፒስት፦

ጥሩ ማስረጃ ካላቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 222 ሰዎች ነበሩበት፤ ስትሮክ ከያዛቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው። ለ2 ሳምንት፣ ነቅተው ካሉበት ሰዓት እስከ 90 በመቶውን ጓንት አድርገው፣ በቀን እስከ 6 ሰዓት ተለማመዱ። ለውጡ ከዓመት በኋላም ታይቷል።

ግን ሁለት ነገር። አንደኛ፣ የተመረጡት አንጓቸውን፣ አውራ ጣታቸውንና ቢያንስ ሌሎች ሁለት ጣቶች ጥቂትም ቢሆን መዘርጋት የሚችሉ ናቸው። ጨርሶ ለማይንቀሳቀስ እጅ አይደለም። ሁለተኛ፣ 6 ሰዓት። እዚህ በቀን 6 ሰዓት ለአንድ ሰው የሚሰጥ ክፍል አላውቅም። ሰዓቱን ቀንሶ ሳምንቱን የሚያረዝም አሠራር አለ፤ እኔ እሱን ነው የምሞክረው። አባትህን አምጣቸውና ጣታቸውን እንይ።

አዲስ ምሩቅ (አራት ኪሎ)፦

እኔ ጎንደር ነው የተማርኩት። አንድ ነገር ላንሳ፣ እታለም ቅር አይበልሽ። «ቤተሰብ ይሥራው» የሚለው ነገር ያሰጋኛል። ህንድ ውስጥ በ14 ሆስፒታሎች፣ 1250 የስትሮክ ታማሚዎች ያሉበት ትልቅ ጥናት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት በሚባለው የህክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። ቤተሰብን አሠልጥነው ተሃድሶውን ቤት ውስጥ እንዲሰጥ አደረጉ። ከ6 ወር በኋላ በሞትም ሆነ ሰው ላይ ጥገኛ በመሆን ረገድ ልዩነት አልነበረም። ህንድ ደግሞ ከሲድኒ ይልቅ እኛን ትመስላለች። ለጋሼ ስፕሊንት ጥናት ከጠቀስን፣ ለኛም መጥቀስ አለብን።

የፒያሳዋ ቴራፒስት፦

ልክ ነሽ። ያን ጥናት ሳነብ አንድ ሳምንት ከፍቶኝ ነበር። ላለፉት ዓመታት የስትሮክ ቤተሰቦችን ሁሉ የቤት ልምምድ ወረቀት እያስያዝኩ ነው የምሸኘው።

የሲፒው በልጆች ላይ ነው፣ ግቡ አንድ ነው፣ ቴራፒስቱም እየተመላለሰ ያየዋል። የህንዱ በአዋቂ ስትሮክ ላይ ነው፣ የተለካውም ትልቁ ውጤት ነው። ይለያያሉ ብዬ አምናለሁ። ግን ልዩነቱን ለራሴ ማምለጫ ላደርገው አልፈልግም። ለስትሮክ ቤተሰብ «እናንተ ትበቃላችሁ» ማለቴን አቆማለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ደውዬ ካላየሁ፣ ወረቀቱ ከስፕሊንቱ አይሻልም።

የክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ፦

አንድ ያልተነሳ ነገር አለ፤ ገንዘቡ። ሰው ለዕቃ ይከፍላል። ስፕሊንት ያያል፣ ይነካል፣ ይዞ ይሄዳል። ማሽን ላይ ቢተኛም ይከፍላል። አንዲት ቴራፒስት 40 ደቂቃ ተቀምጣ «ምን መቻል ይፈልጋሉ?» ብትለው፣ «ዛሬ ምንም አልተደረገልኝም» ብሎ ሂሳብ ክፍሉ ጋ ይጣላል። ያቺን 40 ደቂቃ ዋጋ ካላወጣንላት፣ የምታወሩት ሁሉ በወሩ መጨረሻ ደሞዝ ላይ ይሰናከላል። እኔ ዋጋ ላወጣላት ዝግጁ ነኝ። ባለሙያዎቹ ግን ለታካሚው አስረዱልኝ።

የሜክሲኮው ፊዚዮ፦

ይሄ እውነት ነው። እኔም ከገንዘቡ ንጹህ ነኝ አልልም።

እንዲህ እናድርግ። መሳቤን አልተውም፤ ህመም ሲያቀልና እጅ ለመታጠብ ሲመች በዓይኔ አያለሁ። «ይፈታልሃል» ግን አልልም። ስፕሊንት ከመታዘዙ በፊት ደግሞ አንጓው ስንት ዲግሪ እንደሚዘረጋ እለካለሁ። በ6 ሳምንቱ ድጋሚ እለካለሁ። ካልተለወጠ አስወልቃለሁ፤ ለቤተሰቡም ቁጥሩን አሳያለሁ። መለኪያው መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ለልምምድ ተማሪዎች ካልሆነ አላወጣውም ነበር።

አዲስ ምሩቅ (አራት ኪሎ)፦

ጋሼ፣ ከዲግሪው ጎን አንድ መስመር ይጨመርበት። «ምን መሥራት አቅቶታል?» የሚል። አንጓው አምስት ዲግሪ ጨምሮ ሰውየው አሁንም ሸሚዙን መቆለፍ ካልቻለ፣ እሱም ይጻፍ።

የሜክሲኮው ፊዚዮ፦

ይጨመር። ቅጹን አዘጋጂና ላኪልኝ፣ በአማርኛ ይሁን። ቤተሰቡም ያንብበው።

የልደታዋ እናት፦

ትናንት ማታ ሞከርነው። ጨርቁ ሳህኑን ይዞታል። እጁ ግን ሁለት ጊዜ ከጠርዙ ላይ ወደቀ፤ አንድ ጉርሻ ብቻ ነው የበላው። ከዚያ አለቀሰ፣ አጎረስኩት። አጥፍቼ ይሆን? ደግሞ ለካዛንቺሱ ልጅ አባት እንደተባለው ጓንት፣ እኔም የልጄን ግራ እጅ ካልሲ ባደርግለትስ?

የፒያሳዋ ቴራፒስት፦

አላጠፋሽም። የራበው ልጅ ይጎረሳል። በጣም ሲርበው ሳይሆን መክሰስ ላይ ሞክሩት፣ አንዲት ጉርሻ ከሆነች ትሁን። ካልሲውን ግን ለብቻሽ አትጀምሪ። ባለሙያ ሳያየው ቢታሰር ሊናደድና ጨርሶ ሊጠላው ይችላል። እሮብ ከሰዓት ባዶ ነኝ። አራተኛ ፎቅ ነው ያልሽኝ አይደል? እኔ እመጣለሁ። ሳህኑን አትለውጪው፣ ያንኑ ሳህን ነው ማየት የምፈልገው።