ጥቆማ፦ አሮጌ ትራያምፍ ወይስ አሮጌ የሚመስል አዲስ?

ለንደን የምትኖረው ወንድሜ፣ «የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት ልገዛ ነው፤ የቱን ትመክረኛለህ?» ላልኸው መልሴ ይኸው። እኔ የምኖረው በርሚንግሃም ነው። በ1977 የተሠራ ትራያምፍ ቦኔቪል ቲ140 አለኝ፤ ወደ ሥራ የምመላለሰው ደግሞ አሮጌ መስሎ በተሠራ አዲስ ሞተር፣ በሮያል ኤንፊልድ ኢንተርሴፕተር 650 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ቁርጡን ላስቀድም። የሚኖርህ አንድ ሞተር ብቻ ከሆነና በየቀኑ የምትነዳው ከሆነ አሮጌውን አትግዛ። ኢንተርሴፕተሩን ግዛ። አሮጌው የሚገዛው ሁለተኛ ሆኖ ነው፤ ያውም ቅዳሜን ለእርሱ ለመስጠት ለተዘጋጀ ሰው። እኔ ግን ከሁለቱ አንዱን ሽጥ ብባል የምሸጠው አዲሱን ነው።

ለምን እንደሆነ ላሳይህ። ጠዋት ቲ140ን ለማስነሳት መጀመሪያ የነዳጁን ቧንቧ እከፍታለሁ። ከዚያ በሁለቱ አማል ካርቡሬተሮች ጎን ያሉትን ትንንሽ መጫኛዎች ቤንዚኑ ሞልቶ ጣቴን እስኪያረጥበው ድረስ ተጭኜ እይዛለሁ። የፍሪሲዮኑ ዲስኮች ሌሊት ተጣብቀው ስለሚያድሩ እጀታውን ጨብጬ መርገጫውን ሁለት ሦስት ጊዜ በዝግታ እገፋለሁ። ቀጥሎ ቁልፉን ከፍቼ በሙሉ ክብደቴ እረግጣለሁ። ሲነሳ የፊት ጎማው በቆመበት ሽቅብና ቁልቁል ይርገበገባል፤ የማርሚታው ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመለሰ መንገዱን ይሞላዋል። አጠገቤ የሚኖሩ አዛውንት ይህን ድምፅ ሲሰሙ ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ በራቸው ላይ ይቆማሉ። አንድም ቃል አይናገሩም። ጥግ እስክታጠፍ ድረስ ያያሉ፤ ከዚያ ይገባሉ።

የእኔን ሞተር የሠሩት ሰዎች ታሪክም ከልቤ አይወጣም። በ1973 በኮቨንትሪ አቅራቢያ የነበረው የትራያምፍ የሜሪደን ፋብሪካ እንደሚዘጋ ሲነገር ሠራተኞቹ በሩን ይዘው አንወጣም አሉ። በ1975 የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ቦኔቪልን ራሳቸው እያመረቱ እስከ 1983 ቆዩ። ዛሬ በቦታው ላይ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተዋል፤ ከመንገዶቹ አንዱ ስሙ ቦኔቪል ነው። ሞተሬን እዚያ ወስጄ ያቆምሁ ቀን ስሜቴን መደበቅ አልቻልሁም።

ከአሮጌዎቹ የምመክርህ ይህንኑ ቲ140 ነው። ስሙ የገነነው የ1960ዎቹ ቲ120 ዋጋው በጣም ከፍ ያለ ነው፤ ቲ140 በርካሽ ይገኛል፣ 744 ሲሲ ነው፣ አምስት ማርሽ አለው፣ የፊት ፍሬኑም ዲስክ ነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠራውን ፈልግ፤ ማርሹ እንደ ዛሬዎቹ በግራ እግር ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት በቀኝ ስለሆኑ፣ ድንገት ፍሬን ልያዝ ስትል ማርሽ ትረግጣለህ። ከመግዛትህ በፊት የሞተሩንና የሻሲውን ቁጥር አስተያይ። የሞተሩ ቁጥር የተመታበት ቦታ ላይ በትንንሹ የተደረደረ የትራያምፍ ምልክት አለ፤ ምልክቱ ተፍቆ ከሆነ ቁጥሩ ተቀይሯል ማለት ነውና ትተህ ሂድ።

ወጪውን በተመለከተ፣ ከ40 ዓመት በላይ የሆነው ሞተር በታሪካዊነት ከተመዘገበ የመንገድ ግብር አይከፍልም፤ ኤምኦቲ ከሚባለው፣ እኛ ቦሎ ከምንለው ዓመታዊ ምርመራም ነፃ ነው። ለንደን አየር በሚበክሉ ተሽከርካሪዎች ላይ የምትጥለው የዩሌዝ ክፍያም አይመለከተውም። ቤንዚን ስትቀዳ ግን ኢ5 የሚለውን ሱፐር ቅዳ፤ ኢ10 ውስጥ በርከት ብሎ ያለው ኤታኖል የቆዩ የጎማ ቱቦዎችንና ጓርኒሲዮኖችን ይበላል። ለሳምንታት ከቆመ ደግሞ ዘይቱ ከማጠራቀሚያው ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። ከማስነሳትህ በፊት አውጥተህ ወደ ቦታው መልሰው፤ አለዚያ ጭሱና የዘይት ፍሳሹ ያስደነግጥሃል።

ጋራዥ ላይ አትቸኩል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ለአዳዲስ ሞተሮች ጥሩ ስም ላለው አንድ ጋራዥ ሰጠሁት። የብሎኖቹ ልክ በኢንች መሆኑን ልብ ሳይሉ በሚሊሜትር ቁልፍ ታግለው የሁለት ዳዶዎችን ማዕዘን አጠፉብኝ። ከዚያ ወዲህ የምሄደው ወደ ባለቤቶቹ ማኅበር ነው። የትራያምፍ ባለቤቶች ማኅበር በየአካባቢው ቅርንጫፍ አለው፤ ማን በእጁ ሙያ እንዳለው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ቪንቴጅ ሞተር ሳይክል ክለብ ደግሞ የፋብሪካ መዝገቦችን ስለያዘ ሞተርህ መቼ እንደተሠራ ያረጋግጥልሃል። መለዋወጫ ችግር አይደለም፤ አማል ካርቡሬተር ዛሬም አዲስ ይመረታል።

አሁን ወደ አዲሶቹ። ኢንተርሴፕተር 648 ሲሲ፣ 47 የፈረስ ጉልበት ነው፤ የሚቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ነው። የምወድለት ነገር የቫልቮላው ማስተካከያ በብሎንና በዳዶ መሆኑ ነው፤ በአንድ ከሰዓት በራስህ ትጨርሰዋለህ። ትራያምፍ ስፒድ ትዊን 900 በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ 65 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ አሠራሩ ይበልጥ የጠራ ነው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል፣ ቤትህ ሆነህ የምትነካካውም ያንሳል። ቲ120 የሚባለው የዛሬው ቦኔቪል 1200 ሲሲ ሲሆን የነዳጅ መርጫው የድሮውን አማል ካርቡሬተር መስሎ ተቀርጿል። አንዳንዱ ይህን ማስመሰል ነው ይላል፤ ለእኔ አክብሮት ነው።

ቢኤስኤ ጎልድ ስታር 650ን የነዳሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ባለ አንድ ፒስተን ነው፣ መልኩ ያምራል። ስሙ የመጣው በ1937 ተወዳዳሪው ዋል ሃንድሊ በቢኤስኤ ሞተር ብሩክላንድስ በሚባለው የውድድር ሜዳ ላይ በሰዓት ከ100 ማይል በላይ ዞሮ ከተሸለማት የወርቅ ኮከብ ነው።

«ሕንድ የተሠራው ሮያል ኤንፊልድ እንግሊዛዊ ይባላል ወይ?» ለሚለው፣ የዛሬው ቦኔቪልም የሚሠራው ታይላንድ ነው። ሮያል ኤንፊልድ በእንግሊዝ ሬዲች ከተማ ይሠራ የነበረውን ቡሌት የተባለ ሞተሩን በ1955 ሕንድ ውስጥ ማድራስ ላይ መገጣጠም ጀመረ፤ የእንግሊዙ ድርጅት ሲዘጋ የሕንዱ ቀጠለ። ባለቤት ተቀያየረ እንጂ ቡሌት ሳይቋረጥ ተመርቷል። በእኔ እይታ የድሮውን መስመር የጠበቀው እርሱ ነው።

ሊድስ ያለሽው እህቴ፣ ጉልበታቸው የተወሰነ ሞተሮችን ብቻ ስለሚፈቅደው ስለ ኤ2 መንጃ ፈቃድና ስለ ቁመት ለጠየቅሽው፦ ኢንተርሴፕተር እንዳለ ለኤ2 ይፈቀዳል፤ ኮርቻው ግን 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ስፒድ ትዊን 900 እንደተሠራበት ዓመት ከ76 እስከ 78 ነው፤ ለኤ2 ግን ጉልበቱ በመገደቢያ መቀነስ አለበት። ሂንክሊ የሚገኘው የትራያምፍ የጎብኚዎች ማዕከል መግቢያው ነፃ ስለሆነ መጀመሪያ እዚያ ሂጂና በአካል እዪው።

አንተም ወንድሜ፣ አሮጌውን ሳትሞክር አትወስን። በርሚንግሃም ና፤ የእኔን እረግጠህ ታስነሳዋለህ። ሶሉ ጠንካራ የሆነ ጫማ አድርግ፤ መርገጫው አንዳንዴ መልሶ ይመታል።