ከቅዱስ ቁርባን በፊት የማቀርበው ጸሎት ልማድ ሲሆንብኝ

ናፋቂው (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከጌታ ማዕድ መካፈል ከጀመርሁ ረጅም ጊዜ ሆኖኛል፤ ከመቀበሌ በፊት የማቀርበው ጸሎት ግን እየደረቀ ሄዶ፣ አሁን ቃላቱ ከአፌ የሚወጡት ልቤ ሌላ ቦታ ሆኖ ነው። በእምነቴ አልተጠራጠርሁም፤ የራቀኝ መደነቅ ነው። በዚያ ላይ ሐዋርያው «ሰው ግን ራሱን ይፈትን» ያለውን ሳስብ፣ ጸሎቴ በሙሉ በደሌን በመቍጠር ያልቅና ለምስጋና ጊዜ አይተርፈኝም። ልቤ እስኪነካ ድረስ መታገል ይገባኛል ወይስ በዚሁ ድርቀት መቀጠል?

ትዕግሥት፦
ወንድሜ፣ ከሰማይ የወረደ እንጀራ እንኳ ተለምዷል። እስራኤል ስለ መና «ሰውነታችን ይህን ቀላል እንጀራ ተጸየፈ» ብለው አጕረምርመዋል (ዘኍልቍ 21፥5)። እነርሱ በእግዚአብሔርና በሙሴ ላይ ተናገሩ፤ እርስዎ ግን ስለ ራስዎ እያዘኑ ነው። ይህንኑ ኀዘን ሳያሳምሩ ለጌታ ይንገሩት፤ ጸሎትዎ ከዚያ ይጀምር።

የወይኑ ቅርንጫፍ፦
እህታችን ያሉት መልካም ነው፤ እኔ ግን ጸሎቱ ከእኛ ስሜት ባይጀምር እመርጣለሁ። በሉቃስ 22፥15 ጌታ ደቀ መዛሙርቱን «ከመከራዬ በፊት ይህን ፋሲካ ከእናንተ ጋር ልበላ እጅግ ተመኘሁ» ይላቸዋል። በዚያ ማዕድ ዙሪያ ማን እንደ ነበረ ልብ ይበሉ፦ ሌሊቱ ሳይነጋ የሚክደው ጴጥሮስ፣ ጥቂት ቆይተው ከመካከላቸው ማን እንደሚበልጥ የሚከራከሩት ወንድሞች፣ ዋጋውን አስቀድሞ የተዋዋለው ይሁዳ። ጌታ ራሱ «አሳልፎ የሚሰጠኝ እጅ በማዕድ ከእኔ ጋር ናት» ብሎ እየተናገረ፣ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ለመብላት እጅግ የናፈቀው እርሱ ነበር። እኛ ሳንናፍቀው እርሱ ናፍቆናል፤ ስለዚህ የእኔ ልብ በደረቀበት ቀን እንኳ በማዕዱ ያለው ናፍቆት አልጐደለም። እኔ ከመቀበሌ በፊት ይህን አንድ ጥቅስ ብቻ ይዤ፣ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬም ይህን ከእኔ ጋር ትመኛለህን?» ብዬ እጠይቅና ዝም እላለሁ። ከዚያ ሌላ የምጨምረው ብዙ የለኝም። መደነቅ በዚያው ሰዓት ባይመጣም ጥያቄው ሳምንቱን ሙሉ አብሮኝ ይውላል፤ ብዙ ቃል ደርድሬ ከምጸልየው ይልቅ ለእኔ ይህ ይሻለኛል።

የኤማሁስ መንገደኛ፦
ራስን ስለ መፈተን የተነሣው ነጥብ እንዳይታለፍ እፈልጋለሁ። ጳውሎስ ይህን የጻፈው፣ በቆሮንቶስ አንዱ ሲራብ ሌላው እስኪሰክር እየጠጣ፣ ምንም የሌላቸው ያፍሩ በነበረበት ጉባኤ ነው (1ኛ ቆሮንቶስ 11፥21-22)። እንግዲህ ራሴን ስፈትን መጠየቅ ያለብኝ ስለ ስውር በደሌ ብቻ ሳይሆን፣ አጠገቤ ስለ ቆመው፣ ስሙን እንኳ ስላልጠየቅሁት ሰው ጭምር ነው። ደግሞም ቍጥር 28 «ራሱን ይፈትን» ብሎ አያበቃም፤ «እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ ከጽዋውም ይጠጣ» ይላል። ፈተናው ወደ ማዕዱ የሚያደርስ መንገድ ነውና በንስሓ የተናገሩትን በደል ደጋግመው እየቈጠሩ ደጃፉ ላይ አይቅሩ። በተረፈው ጊዜ ለዚያ አጠገብዎ ላለው ሰው ይጸልዩ። አንዱን እንጀራ የምንካፈል ሁላችን አንድ ሥጋ ነን የሚለው ቃል (10፥17)፣ የምናስቀይመውንና የሚያስቀይመንን ሰው ይዘን ስናስበው እጅግ ያስደነግጣል።

ናፋቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ማዕዱ ናፍቆት የተጻፈው በተለይ ልቤን ይዞታል፤ እኔ የራሴን ስፈልግ የእርሱን አላሰብሁም ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከተቀበልሁ በኋላስ? ጸሎቴ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይቋረጣል፤ ወዲያው ወደ ሌላ ወሬ እገባለሁ።

የወይኑ ቅርንጫፍ፦
ማቴዎስ 26፥30 መዝሙር ዘምረው ወደ ደብረ ዘይት ተራራ እንደ ወጡ ይነግረናል። በአይሁድ የፋሲካ ማዕድ የሚዘመሩት ከመዝሙር 113 እስከ 118 ያሉት ናቸውና፣ የዚያ ሌሊቱም መዝሙር ከእነዚህ እንደ ነበረ ብዙ ሊቃውንት ይገምታሉ። ከተቀበሉ በኋላ ወሬ ከመጀመርዎ በፊት መዝሙር 118ን በዝግታ ያንብቡ፤ ወደ ጌቴሴማኒ ሊሄድ የተነሣው ጌታ «አልሞትም በሕይወት እኖራለሁ እንጂ» የሚለውን ቍጥር ሲዘምር እየሰሙ እንዳሉ ሆነው።