የማታ ጸሎቴ ተቆራረጠብኝ

እናቴ ስትሮክ መትቷት አልጋ ከያዘች አራት ወር ሆናት። በፊት ሥራዬ ሰፈሬ ስለነበር የሠርኩን ጸሎት 11 ሰዓት ላይ አደርስ ነበር። አሁን ያ ሰዓት የታክሲ ሰልፍ ላይ ያገኘኛል። ቤት ገብቼ፣ አብልቻት፣ አገላብጬ እስካስተኛት ማታ 4 ሰዓት ይሆናል።

ያለኝ የአባቴ የግእዝ ዳዊትና ውዳሴ ማርያም ነው። እንደ ድሮው በየማታው አንድ ንጉሥ፣ ማለትም 10 መዝሙር፣ ልድገም ብዬ ነበር። ሦስተኛው ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። አንዴማ ጧፉን ሳላጠፋ ተኝቼ የጠረጴዛ ልብሱን አቃጠልኩት። ከዚያ በስልኬ አማርኛውን ማንበብ ጀመርኩ፤ እሱ ደግሞ ሳላውቀው ቴሌግራም ውስጥ ይከተኛል። በራሴ ቃል ልጸልይ ስል ለቅሶ ብቻ ሆነ። እናቴ መናገር ባትችልም ትሰማለች፣ ስለዚህ ያንንም ተውኩት።

ሳይቋረጥ የቀረልኝ አቡነ ዘበሰማያትና መዝሙር 140 ነው፤ ጸሎቴ እንደ ዕጣን ይሁን የሚለው (በአንዳንድ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ 141 ነው)። በቃሌ ስለምችለው እሷን እያገላበጥኩም እለዋለሁ። አንዳንዴ እሷም ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

የንስሐ አባቴ ክፍለ ሀገር ሄደዋል፣ ስልካቸውም አይገባም።

በሽተኛ እያስታመማችሁ የጸለያችሁ፣ ይህቺን አጭር ጸሎት የማታዬ አድርጌ ዳዊቱን ለእሁድ ላቆየው፣ ወይስ እንቅልፍ ቢጥለኝም በየማታው ካቆምኩበት ልቀጥል?