ጥቆማ፦ ለ9 ዓመት ልጅ የሚሆን፣ የሚያስቅ ሥዕላዊ ልቦለድ

የአያቷ እናት፦ ሰላም ጎረቤቶች። ልጄ ቶሎ ይናደዳል። ትናንት እርሳሴን ነካሽ ብሎ የእህቱን ደብተር ቦጫጨቀው። አስተማሪው ስለ ደግነትና ረጋ ብሎ ራስን ስለማስተዋል የሚያወራ ሥዕላዊ ልቦለድ ፈልጊለት አሉኝ። ቀለል ያለ ይሁን። ምክር ከበዛበት ሁለተኛው ገጽ ላይ ይወረውረዋል። አያት አካባቢ የት አገኛለሁ?

ጣፎ፦ በቴሌግራም እንዳታዢ! እኔ ተበልቻለሁ። ፎቶው ላይ በቀለም ያሸበረቀ ነበር፣ የመጣልኝ ግን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ። ሰማያዊዋ ወፍ አመድ መስላለች። ዳር ዳሩ ስለተቆረጠ ግማሹ ገጸ ባሕርይ አፉን ከፍቶ ዝም ይላል። የመጨረሻው 4 ገጽ ጭራሽ የለም። ብሬን መልሱ ስላቸው ብሎክ አደረጉኝ። ደግነት እየሸጡ!

ሰሚት፦ ስንት አስከፈሉሽ?

ጣፎ፦ 600፣ ከነዴሊቨሪው።

ጎሮ፦ አንቺስ ወፍ ደርሶሻል። እኔ ጫማ አዝዤ ሁለቱም የግራ እግር መጣልኝ።

የለገሃር ደንበኛ፦ ለገሃር ሂጂ እህቴ። አንድ አዟሪ አለ፣ 12 ዓመት ደንበኛው ነኝ። የሌለው መጽሐፍ የለም።

ሰሚት፦ የልጆች ሥዕላዊ ልቦለድ አለው?

የለገሃር ደንበኛ፦ እሱን አይቼ አላውቅም። እሱ ጋ ከሌለ ግን የትም የለም።

ኮተቤ፦ መጽሐፉን ተዪው፣ ቦሌ ዮጋ አስመዝግቢው።

ጎሮ፦ ከአያት ቦሌ? የታክሲ ሰልፉ ራሱ ትዕግሥት ያስተምረዋል፣ የዮጋውን ብር ታተርፊያለሽ።

የድሮ ሰው፦ በኛ ጊዜ መድኃኒቱ ቁንጥጫ ነበር።

ሰሚት፦ እና አሁን ረጋ ብለሃል?

ፊጋ፦ እህቴ፣ ከመግዛትሽ በፊት ልጁ ራሱ አይቶ ይምረጥ። ቅዳሜ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ውሰጂው። በ2014 የተከፈተው፣ አራት ኪሎ ፓርላማው ፊት ለፊት ያለው ነው። ባቡሩ እዚያ አይደርስም፤ መገናኛ ወርደሽ ታክሲ ያዢ። በአማርኛ ካጣሽ እንግሊዝኛውን ግዢ። እኔ ለእህቴ ልጅ ነጭ ተለጣፊ ወረቀት በንግግሩ ክብ ልክ እየቆረጥኩ፣ አማርኛውን በእጄ ጽፌ ለጠፍኩበት። ሁለት ማታ ፈጀብኝ። ድቡ ተናዶ አሥር ድረስ የሚቆጥርበት ቦታ ስንደርስ «አልበረደለትም እኮ፣ ፊቱን እየው» ብላ ሃያ ድረስ በእርሳስ ጨመረችለት። ጽሑፍ የሌለባቸውን ሥዕሎች አትዝለዪ። ምን የተሰማው ይመስልሃል ብለሽ ጠይቂው፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው ያለው። ሲናደድ ደግሞ ትንፋሹን ቀስ ብሎ ያስወጣ። የሚወጣው ትንፋሽ ሲረዝም የልብ ምት ይረግባል። ሻይ እፍ እንደማለት በይው፣ ይገባዋል።

የለገሃር ደንበኛ፦ መገናኛ ምን ያስወርዳታል? ባቡሩ ከአያት ቀጥ ብሎ ለገሃር ነው የሚያደርሳት።

ጎሮ፦ አዟሪው ኮሚሽን ይከፍልሃል እንዴ?

ኮተቤ፦ ዮጋው የመጀመሪያው ቀን ነፃ ነው ግን።

የአያቷ እናት፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጣፎ፣ ይቅርታ፣ ያቺ ወፍ ግን መጨረሻ ላይ ታረቀች?

ጣፎ፦ አራቱ ገጽ የለም አልኩሽ እኮ። ልጄም ማታ ማታ እሱኑ ነው የሚጠይቀኝ።